ከሩቅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲከስር ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?



በዚህ ሳምንታዊ ልሳናችን ዘወትር የሚነበበው ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ከብት ገበያ፣ ስለ ጭነት ኪራይና ስለ ግብር ነው። ዛሬ ስለ ትምህርት ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ ከንግዱ ጉዳይ የራቅሁ የሚመስለው ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ትምህርትም በዘመናችን በገንዘብ የሚገዛ፣ በውል የሚሸጥ፣ በወኪል የሚከፋፈል ነገር ሆኗል። መንግሥት የሚያቆመው ትምህርት ቤትም ቢሆን የኛው ግብር ያለበት ነው። እንግዲህ የተገዛው ነገር ጎድሎ ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ለነጋዴ የተገባ ጉዳይ ነው።

እኔ በአሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ በምትባለው ከተማችን፣ በአንድ የቡናና የእህል ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት አገለግላለሁ። በቤቱ ያለን ሠራተኞች ሁሉ አሠሪያችንን ሐጂ እያልን እንጠራቸዋለን። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሐጂ ወደ ጠረጴዛዬ መጡና ሦስት ማመልከቻዎች አኖሩልኝ። ያመለከቱት ገንዘብ ያዣችን፣ መጋዘን ያዣችንና ሚዛን ላይ የሚውለው ወጣት ናቸው። ሦስቱም ሥራቸውን ሳይለቁ በርቀትና በኢንተርኔት ለመማር አስበው፣ ቤቱ የክፍያውን እኩሌታ እንዲረዳቸው ይጠይቃሉ። ሐጂ ለጋስ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ያላዩትን ዕቃ አይገዙም።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «የቡናን ናሙና እኔ አውቃለሁ፤ የዚህን ናሙና ግን አንቺ እዪልኝ። ትምህርቱ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቤን የሚመልስልኝ፣ ለልጆቹም ዕድሜያቸውን የሚመልስላቸው ማን እንደ ሆነ ጠይቀሽ እስከ ቅዳሜ ንገሪኝ።»

ጥያቄው አጭር ነው። ለእኔ ግን መልሱ ቀላል አልነበረም፤ ይህንኑ ጥያቄ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ራሴን መጠየቅ ይገባኝ ነበርና።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. አንድ የርቀት ትምህርት ድርጅት በከተማችን ከሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ቅርንጫፉን ከፍቶ ነበርና ለሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ተመዘገብሁ። ከደመወዜ እየቆጠብሁ ከፈልሁ። የመጀመሪያዎቹ ሞጁሎች በጊዜያቸው ደረሱኝ፤ ቀጥለው የመጡት ዘገዩ፤ በመጨረሻ የመጡትም የሌላ ትምህርት ሆነው ተገኙ። በወር አንድ ቅዳሜ እየመጣ ያስጠናችኋል የተባለው መምህር ሁለት ጊዜ መጥቶ ቀረ። ያስረከብሁት የቤት ሥራ ታርሞ ሳይመለስልኝ ሌላ አስረከብሁ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ስለ ርቀት ትምህርት የመንግሥት ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ የዚያች ክፍል በር ተቆለፈ፤ ከዚያም ወዲህ አልተከፈተም። ውጤቴ የተጻፈበት መዝገብ የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። በእጄ የቀረው የከፈልሁበት ደረሰኝ ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ድርጅቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ስሙንም አላነሣም። ነገር ግን የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአንድ ወገን የተጻፈ ገንዘብ በሌላው ወገን ካልታየ ሒሳቡ አልተዘጋም።

የዚያን ጊዜው ማስታወቂያ ምን እንደ ነበረ ለሚያስታውሱት ላሳስብ፣ ለማያውቁትም ላስረዳ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋማት የሚሰጠው የርቀት ትምህርት እንዲቆም አስታወቀ። የተሰጠው ምክንያት የጥራት ጉድለት ነበር። በዚያው ውሳኔ የግል ተቋማት የመምህርነትና የሕግ ትምህርት እንዳይሰጡ ተከለከሉ። ከጊዜ በኋላ ግን ክልከላው ላልቶ የርቀቱ ትምህርት እንደገና ቀጠለ። የጥራት ጉድለት መኖሩ ሐሰት አልነበረም፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ሆኖም የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ከተቋቋመ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሚዛኑም ሚዛን ጠባቂውም ነበሩ ማለት ነው። እያንዳንዱ ተቋም በየጊዜው ተመዝኖ፣ ደካማው ተለይቶ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ትጉሁና ሰነፉ በአንድ በትር ባልተመቱም ነበር። በበትሩ ይበልጥ የተመታው ደግሞ ተማሪው ነው፤ ድርጅቱ የተከፈለውን ይዞ ሲሄድ ተማሪው የከፈለውን ትቶ ቀርቷልና።

ይህ በከፍተኛ ትምህርት የሆነ ነው። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ከሩቅ የማስተማር ነገር ከዚያ አስቀድሞ ተሞክሯል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደየክፍሉ ገባ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አብዛኛውም የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪካ ነው። በክፍሉ ያለው መምህር በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መካከሉን የሚይዘው የቴሌቪዥኑ መስኮት ነው። በጎ ጎኑን መካድ አይገባም፤ ቤተ ሙከራ ያልነበረው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሙከራ ያየው በዚሁ መስኮት ነው። ነገር ግን በሚኤሶ ወይም በአሰቦት ቆላ ተወልዶ በቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ለሚናገር ልጅ፣ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚነገረውን ተከትሎ መጻፍ ከባድ ነበር። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ያለፈው ደቂቃም አይመለስም። ታናሽ ወንድሜ በዚያን ዘመን ተማሪ ነበርና አንድ ቀን ያልገባውን ሲነግረኝ «መምህሩን አትጠይቀውም?» ብለው «እሱም እንደኛው ተቀምጦ ያያል» ሲል መለሰልኝ። ፈተናው በደረሰ ጊዜ ግን ውጤቱ የተጻፈው በተማሪው ስም ነው፤ በመስኮቱ ስም አልተጻፈም።

ከዚያም ወዲህ ዘመኑ ተራምዷል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ደዌ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ለማድረስ ተሞከረ። ዛሬም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶችን በማዘጋጀት ላይ ናቸው። ስለዚህ ከሩቅ የሚሰጥ ትምህርት ይምጣ ወይስ አይምጣ የሚለው ክርክር አልፏል። እንዲያውም ለኛ ለምዕራብ ሐረርጌ ሰዎች ይህ ትምህርት እጅግ ያስፈልገናል። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በከተማችን መኖሩ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ከመቻራ ወይም ከገለምሶ መጋዘኑን ጥሎ በየቀኑ ወደ ጭሮ የሚመላለስ ሠራተኛ የለም። ለበዴሳ፣ ለሂርና፣ ለቦኬ ወጣት ሥራና ትምህርትን አጣምሮ የሚይዝበት መንገድ ይኸው ነው። የሚፈለገው መንገዱ እንዲዘጋ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲኖር ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሒሳብ መዝገቧን መግለጥ ጀምራለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር በተሰጠ ጊዜ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል እኩሌታና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በተከታዩ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2 አለፉ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። በከፍተኛ ትምህርትም በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ውስጥ 61,054 አለፉ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት ከመቶ 62 ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ግን ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ ያለፉት። እነዚህ ቁጥሮች የርቀቱን ትምህርት ከመደበኛው ለይተው የሚያሳዩ አይደሉም፤ የሚያሳዩት የትምህርቱን ቤት ጠቅላላ ሒሳብ ነው።

መዝገቡ መገለጡ መልካም ነው። ዳሩ ግን ኪሳራው በማን ስም እንደ ተጻፈ እንመልከት። የመውጫ ፈተናውን ያላለፈው ተማሪ ዲግሪውን አላገኘም፤ ያስተማረው ድርጅት ግን ክፍያውን አስቀድሞ ተቀብሏል። የቀድሞውን ኤጀንሲ ሥራ የወረሰው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በአዲስ መስፈርት ዳግም እንዲመዘገቡ አዟል። እርምጃው የሚደገፍ ነው። ነገር ግን አንድ ተቋም መስፈርቱን ሳያሟላ ሲቀር በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት ላይ የሚገኘው የሂርና ወይም የገለምሶ ተማሪ ወዴት እንደሚሄድ ከመስፈርቱ ጎን መጻፍ አለበት።

ይህ ችግር በኛ አገር ብቻ የታየ እንዳይመስል ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአሜሪካ ልጆች በቤታቸው ተቀምጠው በኮምፒውተር የሚማሩባቸው፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ተማሪው አይከፍልም፤ በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ልክ የሚከፍለው መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የምርምር ማዕከል ባወጣው ጥናት፣ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በአቋማቸው ከሚመስሏቸው የመደበኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በንባብ የ72 ቀን፣ በሒሳብ የ180 ቀን ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። በዚያ አገር የትምህርት ዓመቱ ራሱ 180 ቀን ነውና በሒሳብ ረገድ ዓመቱን ሙሉ እንዳልተማሩ ይቆጠራል።

በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ከነዚሁ መካከል ኢኮት በሚል አሕጽሮት የሚታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተ አንድ ታላቅ ትምህርት ቤት ነበር። በ2015 እና በ2016 መካከል ባለው የትምህርት ዓመት 15,300 ያህል ተማሪዎች አሉኝ ብሎ ገንዘብ ተቀበለ። መርማሪዎች ተማሪዎቹ በእውነት ምን ያህል ሰዓት እንደ ተማሩ ማስረጃ በጠየቁ ጊዜ ሊረጋገጥ የቻለው ለ6,300 ያህሉ ብቻ ሆነ። ለዚያ ዓመት ብቻ 60 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመልስ ታዘዘ። ትምህርት ቤቱ መንግሥት የሰዓት ማስረጃ ሊጠይቀኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በኦገስት 2018 ለመንግሥት ፈረደ። ፍርዱ የተገባ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ከፍርዱ አስቀድሞ በጃንዋሪ፣ በትምህርት ዓመቱ መካከል፣ ተዘግቶ ነበርና 12,000 ያህል ተማሪዎች ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወጡ።

እንግዲህ ኦሃዮ ባለጸጋ ናት፤ ኮምፒውተርም፣ መብራትም፣ መርማሪም አላት። ከሱቅ በላይ ከነበረችው ከኛ ክፍል ጋር የሚያመሳስላት ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን የሁለቱም መጨረሻ አንድ ሆኗል፤ በሩ የተቆለፈው በተማሪው ፊት ነው። ለዓመታት ቁጥጥሩ ይላላል፤ ከዚያ በአንድ ቀን ይጠብቃል፤ በመካከሉ የጠፋውን ጊዜ የሚከፍለው ውሉን ያልጻፈው፣ ሚዛኑንም ያልያዘው ሰው ይሆናል። ዝሆን ከዝሆን ሲጣላ የሚረገጠው ሳሩ ነው እንደሚባለው ነው።

ታዲያ ትክክለኛው የተጠያቂነት ደንብ ምን ይመስላል? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በቡና ነጋዴ ቤት ነውና፣ ቡና የሚመዘንበትና ደረጃ የሚወጣለት ሥርዓት ለትምህርቱም ጥሩ መምህር ይመስለኛል።

አንደኛ፣ የቡና ደረጃ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ገበሬውም ነጋዴውም ስንት እንከን ያለበት ቡና ከየትኛው ደረጃ እንደሚወድቅ ያውቃል። ከሩቅ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ምን ሲጎድል ምን እንደሚደርስበት ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይኖርበታል። ተማሪውም ይህንኑ ሲመዘገብ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ሊያገኝ ይገባል። ሳይታሰብ የሚመጣ ክልከላ ፍርሃትን እንጂ ጥራትን አያመጣም።

ሁለተኛ፣ ናሙና ከጆንያው አፍ ብቻ አይወሰድም፤ ከመካከልና ከታችም ይወሰዳል። የተመዘገበ ተማሪ ቁጥር የጆንያው አፍ ነው። በኮምፒውተር ስሙን አስገብቶ መውጣትም እንዲሁ ነው። መርማሪው ሊያይ የሚገባው የቤት ሥራው ታርሞ መመለሱን፣ መምህሩ በቀጠሮው መገኘቱን፣ ተማሪው በመጨረሻ ምን መሥራት እንደ ቻለ ነው። ኢኮት በዚህ ናሙና ነው የተያዘው፤ ጥፋቱ ናሙናው ዘግይቶ መወሰዱ ነው።

ሦስተኛ፣ ቡናው ወደ መጋዘን ሲገባ ምን እንደ ነበረ ሳይመዘን፣ መጋዘኑ ምን እንዳተረፈ ወይም ምን እንዳበላሸ አይታወቅም። በአዲስ አበባ ከተማ መጽሐፍና መብራት ሳያጣ ያደገውን ልጅ፣ በሐዊ ጉዲና ገጠር ከብት እየጠበቀ ከተማረው ልጅ ጋር በአንድ ቁጥር ብቻ መዝኖ ትምህርት ቤቶቹን ጎበዝና ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ተማሪው ሲገባ የነበረው ዕውቀት ይመዝገብ፤ ሲወጣ ያለውም ይመዝገብ፤ ትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ይሁን። ይህ ካልሆነ ደንቡ ደካማ ትምህርት ቤቶችን ሳይሆን ድኻ ወረዳዎችን የሚቀጣ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቶችም ቅጣቱን ፈርተው ደካማውን ተማሪ ከመቀበል ይሸሻሉ።

አራተኛ፣ በመንገድ የረጠበ ቡና ሲመጣ የሚጠየቀው መጋዘን ያዡ ሳይሆን ያለ ሸራ የጫነው ነው። በፕላዝማው ዘመን መምህሩ ትምህርቱን አላዘጋጀም፣ ፍጥነቱንም አልወሰነም፣ መብራቱንም አላጠፋም፤ ነገር ግን ወላጅ የሚጠይቀው እሱን ነበር። በኢንተርኔት ለሚሰጠው ትምህርትም እንዲሁ እንዳይሆን፣ ትምህርቱን ያዘጋጀው፣ መሥመሩን የሚያቀርበው፣ ፈቃዱን የሰጠውና የሚያስተምረው እያንዳንዳቸው በያዙት ሥልጣን ልክ ተጠያቂ መሆናቸው ተለይቶ ይጻፍ። ሥልጣን ወደ ላይ፣ ተጠያቂነት ወደ ታች የሚሄድበት ደንብ ደንብ አይባልም።

አምስተኛ፣ ዋነኛውም ይኸው ነው፤ ደረጃ ያጣ ቡና አይቃጠልም፣ ባለቤቱም ባዶ እጁን አይሰደድም። ደረጃው ዝቅ ብሎ ወደሚገባው ገበያ ይሄዳል። ትምህርት ቤትም ሲደክም መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የሚያርምበት ጊዜና ረዳት፣ ከዚያም አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል መከልከል፣ በመጨረሻ መዘጋት በየተራ ይምጡ። መዘጋቱ ግድ ከሆነ፣ የተማሪዎቹ መዝገብ ሳይጠፋ ለመንግሥት አካል ይተላለፍ፤ የሚቀበላቸው ሌላ ተቋም አስቀድሞ ይወሰን። የሚያስከፍል ድርጅትም ፈቃድ ሲያወጣ የዋስትና ገንዘብ በባንክ ያስይዝ፤ በር ሲቆለፍ ለተማሪው የሚመለሰው ከዚያ ይሁን። ጨረታ የሚገባ ነጋዴ ዋስትና ያስይዛል፤ የሰውን ልጅ ዕድሜ የሚረከብ ድርጅት ከዚህ ያነሰ ቢጠየቅ አያስደንቅምን?

እነዚህን የሚደነግገው መንግሥት ነው። ነገር ግን ደንቡ እስኪሟላ ድረስ የምክር ቤታችን አባላት በእጃቸው ያለ ብዙ ነገር አለ። ለሠራተኛ ወይም ለልጅ የምንከፍል ሁሉ አስቀድመን የዕውቅና ፈቃዱን እንይ። ፈቃድ የሚሰጠው ለድርጅቱ ስም በጠቅላላው ሳይሆን ለየትምህርቱ ዓይነትና ለየማስተማሪያ ጣቢያው ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ለአንድ ትምህርት የተሰጠ ፈቃድ በጭሮ ለሚሰጠው ለሌላው ዋስ አይሆንም። የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ከማስረከብ በየሴሚስተሩ፣ የቀደመው ሴሚስተር ውጤት በጽሑፍ ሲታይ እንክፈል። ትምህርቱ ቢቋረጥ ስለሚመለሰው ገንዘብ በውሉ ላይ እናስጽፍ። የውጤቱን ወረቀት ግልባጭ ተማሪውም አሠሪውም ይያዙ። ሠራተኛ ስንቀጥርም የምስክር ወረቀቱን ብቻ አይተን ከምናምን ወይም ከምንንቅ፣ ግማሽ ቀን መዝገብ ሰጥተን እናሠራው፤ ከሩቅ ተምሮ የሚችል አለና፣ ከቅርብ ተምሮ የማይችልም አለና። ምክር ቤታችንም በዞናችን ከተሞች በርቀትና በኢንተርኔት የሚያስተምሩትን ተቋማት ፈቃድ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት እያረጋገጠ በዚህ ልሳን በየጊዜው ቢያወጣልን፣ ብዙ አባላት ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ከመሆን በዳኑ ነበር።

ወደ ሦስቱ ማመልከቻዎች ልመለስ። እስከ ቅዳሜ ስጠይቅ ሰነበትሁ። ገንዘብ ያዣችን ሊማርበት ያሰበው ተቋም ለከተማችንና ለትምህርቱ ዓይነት የተሰጠውን ፈቃድ ያለ ማመንታት አሳየኝ፤ ውሉም ትምህርቱ ቢቋረጥ ምን እንደሚመለስ ይናገራል። የሌሎቹ ሁለቱ ወኪል ግን ያሳየኝ በቀለም ያሸበረቀ ማስታወቂያና የስልክ ቁጥር ነው። ፈቃዱን ስጠይቀው «ዋናው መሥሪያ ቤት አለ» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ለሐጂ ነገርኋቸው። «ለአንዱ በየሴሚስተሩ ይክፈሉለት፤ ሁለቱ ፈቃዱ የታወቀ ተቋም እስኪያገኙ ይቆዩ፤ ድርሻቸው ግን ተቀምጦ ይጠብቃቸው» አልሁ። ሐጂ ተስማሙ። «ይህን ሁሉ መጠየቅ ከየት ተማርሽ?» ሲሉኝ ከመሳቢያዬ የ2001 ዓ.ም. ደረሰኜን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን፣ ቀኑንና ገንዘቡን እንደ ነጋዴ አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ደረሰኝ አይደለም፤ ያልተከፈለ ዕዳ ነው» ብለው መለሱልኝ።

እንደኔው ደረሰኝ በመሳቢያቸው ያኖሩ ሰዎች በገለምሶም፣ በበዴሳም፣ በሂርናም እንደማይጠፉ አምናለሁ። የነሱን ዕዳ ዛሬ የሚከፍል አይገኝ ይሆናል። ከእንግዲህ የሚመዘገቡት ልጆቻችን ግን ትምህርት ቤታቸው ሲመዘን ዕዳው በነሱ ላይ እንዳይወድቅ፣ ደንብ የሚያወጡት ደንቡን፣ የሚያስተምሩት ቃላቸውን፣ የምንከፍለውም ጥያቄያችንን አስቀድመን እናዘጋጅ እላለሁ። ሚዛን የሚፈተሸው ገበያው ከመከፈቱ በፊት ነው።